ከሐዲዱ ወዲያ የቀረ ዘጠነኛ ክፍል

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ አንድ ካናቴራ ነው። ሰማያዊ ነው፤ ደረቱ ላይ በትልቁ 13 የሚል ቁጥር፣ ከቁጥሩ በላይ ደግሞ ትንሽ ፀሐይ አለው። የቸርቻችን ወጣቶች ለዘመን መለወጫ ያሳተሙት ነው። ጳጉሜን ቆጥረን አስራ ሦስት ወር አለን እያልን የምንኮራ ሰዎች ስለሆንን ቁጥሩን ያየ ሐበሻ ሁሉ ፈገግ ይላል። ቀለሙን ማንም አስቦበት አልመረጠውም፤ በቅናሽ የተገኘው ሰማያዊው ብቻ ስለነበር ነው። እኔም አንድ ሰኞ ጠዋት ሌላ የታጠበ ልብስ ሳጣ እሱኑ ለብሼ፣ ማስኬን አድርጌ፣ ከምኖርበት ከሊንደን ሰፈር አውቶቡስ ይዤ ሥራ ገባሁ።

የምሠራው ኦሃዮ፣ ኮለምበስ ከተማ ዳር ባለ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ በማሸግ ነው። ከፊት ለፊቴ የሚቆመው ራሞን የሚባል ከካሊፎርኒያ የመጣ ሰው ነው። አርባ ዓመት አልፎታል። ዝምተኛ ስለሆነ ከእሱ ጋር መሥራት ይመቸኝ ነበር። የዚያን ቀን ካርቶን ሲያቀብለኝ ደረቴን አየና እጁ አየር ላይ ቀረ። ካርቶኑን መሬት አስቀምጦ ወደ ሌላው መስመር ሄደ። እኔ ሰው ትኩር ብሎ ካየኝ ላብ የሚያጠምቀኝ ሰው ነኝ። ምን አጠፋሁ እያልኩ ስጨነቅ እትዬ ሉፔ ክንዴን ይዘው እየጎተቱ ሴቶች መጸዳጃ ቤት አስገቡኝ።

እትዬ ሉፔም ወላጆቻቸው ከሜክሲኮ የመጡ የካሊፎርኒያ ሰው ናቸው፤ ስድሳ ሊሞላቸው ነው። እትዬ ማለት ምን እንደሆነ ከነገርኳቸው ወዲህ ሱፐርቫይዘሩ እንኳ በስማቸው ብቻ ሲጠራቸው «እትዬ በለኝ» ይሉታል።

«ማን ነው ይሄን ያለበሰሽ?» አሉኝ በሩን ዘግተው።

«ቸርች ነው የሰጡን።»

«ቸርች አስራ ሦስት ያለብሳል?»

«የወሮቻችን ቁጥር ነው። እኛ አገር ዓመቱ አስራ ሦስት ወር ነው።»

እትዬ ሉፔ ዓይኔን አዩ፣ ካናቴራዬን አዩ፣ ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባቸው ግንባራቸውን ያዙ። «በይ እዚህ ዌርሃውስ እስካለሽ ድረስ አንዱን ወር ተዪው» አሉና አስወልቀው ገልብጠው አለበሱኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ አስረዱኝ። የእኔ እንግሊዝኛ ስብርብር ነው፤ የእሳቸው ደግሞ ሲናደዱ ወደ ስፓኒሽ ያመልጣል። ሆኖም ተግባባን። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሥራቸው ወንበዴነት የሆነ፣ ሁለቱም የሜክሲኮ ልጆች የሆኑ ሁለት ወገኖች አሉ፤ የደቡብና የሰሜን። የደቡቦቹ ቀለም ሰማያዊ ነው፤ የሰሜኖቹ ቀይ። ደቡቦቹ አስራ ሦስትን ይነቀሳሉ፤ የእስር ቤት አለቆቻቸው መጠሪያ ኤም አስራ ሦስተኛዋ የእንግሊዝኛ ፊደል ስለሆነች። ሰሜኖቹ አስራ አራትን ይነቀሳሉ፤ የሰሜን መነሻ ፊደል ኤን ቀጥላ ስለምትመጣ። ራሞን እጅ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች፣ አንዷ ለብቻዋ አራቱ አብረው፣ እኔ የብየዳ ጠባሳ የመሰሉኝ፣ ለካ አስራ አራት ናቸው። ሰውየው ስንት ዓመት ታስሮ፣ ያን ሁሉ ጣጣ ጥሎ ኦሃዮ ድረስ ሸሽቶ መጥቶ፣ እኔ ሰማያዊ አስራ ሦስት ለብሼ ፊቱ ተደነቀርኩ።

«መጀመሪያ ሲጀምሩት እኮ ለመጠባበቅ ነበር» አሉኝ እትዬ ሉፔ። እስር ቤት የገቡ የሜክሲኮ ልጆች ሌላው እስረኛ እንዳያጠቃቸው ተሰባሰቡ። ቆይቶ ከትልቁ ከተማ የመጡት ከእርሻ ቦታ የመጡትን ባላገር እያሉ ይንቋቸው ጀመር። የተናቁትም በተራቸው ለመጠባበቅ ተሰባሰቡ። ከዚያ አንድ ቀን የአንዱ ጫማ ጠፋ፣ በሌላው እግር ላይ ታየ፣ ደም ፈሰሰ። እንደሚወራው ከሆነ ጠቡ የጠናው በዚያ ጫማ ነው። ጫማው ድሮ በስብሷል። ጠቡ ግን ከእስር ቤት ወጥቶ በየመንደሩ ገባ።

«ወንድሜ ደቡብም ሰሜንም አልነበረም» አሉኝ። «ያደግነው መሐል ላይ፣ የወይን እርሻ ውስጥ ነው። ሥራ ፍለጋ ወደ ታች ወረደና እዚያ ታሰረ። ደቡብ ነህ አሉት፣ ሆነ። ወደ ላይ ወጥቶ ቢታሰር ኖሮ ሰሜን ይሆን ነበር።» ራሞን ክንድ ላይ ያለችውንም ጥቁር ወፍ ይጠሏታል። «ያቺን ወፍ አባቴ ባንዲራ ላይ ይዟት ነው ለወይን ለቃሚዎች ደሞዝ ሰልፍ የወጣው። እነዚህ ወስደው የጩቤ ምልክት አደረጓት።» ወንድማቸው ከእስር ቤት በሕይወት አልወጣም። የገደሉት ሰሜኖቹ ናቸው፤ ራሞን አይደለም፣ ራሞን ያኔ ገና ልጅ ነበር። ቢሆንም እትዬ ሉፔና ራሞን በአንድ መስመር ሁለት ዓመት ሲሠሩ ሰላም ተባብለው አያውቁም። ማይክሮዌቫቸው እንኳ ለየብቻ ነው።

በማግስቱ ሌላ ልብስ ለብሼ ስመጣ ራሞን ወደ ቦታው ተመልሶ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ሰላም አለኝ። እኔ ግን ንዴቱ አልለቀቀኝም። በጫማ! በፊደል ተራ! ደግሞ የተናደድኩት በእነሱ ብቻ አይደለም። ታሪኩ አዲስ አልሆነብኝም። በእኛው ቋንቋ፣ በእኛው ሰፈር፣ አንድ ጊዜ ኖሬዋለሁ።

ልጅ እያለሁ ናዝሬት ለሁለት የተከፈለች ከተማ ነበረች፤ ቢያንስ ለእኛ። በሰፈራችን ዳር የድሮው የባቡር ሐዲድ ያልፋል። ከሐዲዱ ወዲህ ቀበሌ ዜሮ ሰባት ነው፤ ከሐዲዱ ወዲያ ቀበሌ ዜሮ ዘጠኝ። በጣም ትንሽ ሳለሁ ባቡሩ አልፎ አልፎ ይመጣ ነበር። ሐዲዱ ላይ ቆርኪ ደርድረን እንደ ሳንቲም ጠፍጥፎልን ያልፋል። በኋላ ጨርሶ ቀረ። ፀሐይ ሲበረታ ከሐዲዱ እንጨቶች የሚወጣው የአሮጌ ዘይት ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ከወንጂ የሚመጣውን ሸንኮራ በጥርሳችን ልጠን ስንመጥ አገጫችን ላይ የሚደርቀው ጭማቂ፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው አቧራ፣ ሰኞ ማክሰኞ ለመጫወት በከሰል የምንሰምረው መስመር፣ ይሄን ሁሉ እወደዋለሁ። የቀረውን ሳስታውሰው ያቃጥለኛል።

የሰፈራችን ወንዶች ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጥቁር ጎማ ግራ እጃቸው ላይ ያጠልቁ ነበር። የማዶዎቹ ከማዳበሪያ ከረጢት የተመዘዘ ክር ያስራሉ። የእኛዎቹ ግድግዳው ሁሉ ላይ በከሰል 07 ብለው ይጽፋሉ፤ የማዶዎቹ ይመጡና ሰባቱን ሰርዘው ዘጠኝ ያደርጉታል። ሰፈራችን ውስጥ ዘጠኝ የሚባል ቁጥር አይጠራም። ሱቅ ተልኮ «ስምንትና አንድ እንቁላል ስጠኝ» የሚል ልጅ በዓይኔ አይቻለሁ።

የዜሮ ሰባት አለቃ የእኔው ታላቅ ወንድም አቤል ነበር። የጠቡ መነሻ ደግሞ ኳስ ነው ይባላል። አንድ እውነተኛ የቆዳ ኳስ ሐዲዱን ተሻግሮ ሄዶ ሳይመለስ ቀረ። አቤል ኳሱ ነጭና ጥቁር ነበር ይላል። ጓደኛው ቢጫ ነበር ብሎ ይምላል። የማዶዎቹ ደግሞ ኳሱ የእነሱ እንደነበር፣ የሰረቅነውም እኛ እንደሆንን ይናገራሉ። ኳሱን በዓይኔ አየሁት የሚል ሰው አንድም አልተገኘም። ጡረታ የወጡት የባቡር ሠራተኛ ጋሽ ታደሰ በራቸው ላይ ተቀምጠው፣ «እኔ ይሄን ሐዲድ ስጠብቅ የኖርኩት ባቡር እንዲሄድበት ነው፤ እናንተ እንድትካፈሉት መሰላችሁ?» እያሉ ይቆጡ ነበር። ልጆቹ እሺ ጋሼ ይሉና ድንጋያቸውን ይለቅማሉ።

እኔ በዚህ ሁሉ ውስጥ ምንም ድርሻ አልነበረኝም። ችግሩ ትምህርት ቤቱ ነው። እኛ ቀበሌ ያለው እስከ ስምንተኛ ክፍል ብቻ ያስተምራል። ዘጠነኛ ክፍል ያለው ከሐዲዱ ወዲያ ነው። በትምህርት ዘመኔ እጄን አውጥቼ አላውቅም፤ ስሜ ሲጠራ እንኳ «አለች!» ብላ የምትመልስልኝ ጓደኛዬ ትዕግስት ነበረች። ወረቀት ላይ ግን አላፍርም። ሚኒስትሪ ተፈትኜ ከክፍላችን ሁለተኛ ወጣሁ። እናቴ ሆስፒታል ጽዳት ትሠራ ነበር። ማንበብ ባትችልም ካርዴን ይዛ ጎረቤቱን ሁሉ ዞረች። እኔም አዳዲስ ደብተሮቼን በጋዜጣ ሸፍኜ፣ በቀይ እስክሪብቶ «ክፍል 9» ብዬ ጽፌ፣ ትራሴ ሥር አስቀመጥኳቸው። ምዝገባው ሦስት ቀን ነበር። እናቴ ፈረቃ ስላለባት ራስሽ ሄደሽ ተመዝገቢ አለችኝ።

አቤል ይሄን ሲሰማ ተነሳ።

«የአቤል እህት ብቻዋን ማዶ አትሻገርም» አለኝ።

«ትዕግስት ብቻዋን ነው የምትሄደው።»

«ትዕግስት የማን እህት ናት?»

«እኔንስ ማን ያውቀኛል?»

«እንዲያውቁሽ ነዋ የምንሸኝሽ!»

ጠዋት ስድስት ሆነው መጡ። ሁሉም ጥቁር ጎማቸውን አጥልቀዋል። ሦስቱ ከፊት፣ ሦስቱ ከኋላ፣ እኔ ካርዴንና አራት ጉርድ ፎቶ በፖስታ ይዤ መሐል። ሰው ሁሉ ከየበሩ ብቅ እያለ ያየናል። አንዷ ሴትዮ ለጎረቤቷ፣ «ደግሞ ይቺን ጭምት ምን ሰርቃ ነው የያዟት?» ስትል ሰማሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሐዲዱ ላይ ስንደርስ ከማዶ ፉጨት ተሰማ። የማዶዎቹ ያዩት ስድስት ጥቁር ጎማ ሐዲዱን ሲረግጥ ነው። እኔን ያየኝ አንድም ሰው አልነበረም። ሐዲድ ደግሞ ድንጋይ አይቸግረውም። ከግራም ከቀኝም ይዘንብ ጀመር። ስሮጥ ፖስታው ከእጄ ወደቀ። አቧራው በረድ ሲል ተመልሼ ባነሳው ካርዴ ሁለት ቦታ ተቀዷል፤ ማህተሙ ላይ የጫማ ዱካ አርፎበታል፤ ከፎቶዎቼ የተረፈው አንዱ ነው።

አቤል ግንባሩ ተፈንክቶ ደም እየጠረገ ይስቅ ነበር። «አየሽ?» አለኝ። «ብቻሽን ብትሄጂ ኖሮ!»

ማታ እናቴ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «ተመዘገብሽ?» አለችኝ። አቤል የተፈነከተ ግንባሩን በኮፍያ ሸፍኖ ከኋላዋ ቆሞ ያየኛል። ዳግመኛ ድንጋይ ወርውሮ ከተገኘ ከቤት እንደምታስወጣው አስቀድማ ምላ ነበር። እኔም «አዎ» አልኩ። አንዲት ቃል ናት። ነገ ራሴ ሄጄ አስተካክላለሁ ብዬ ነበር። ነገ ግን ብቻዬን ቢሮ ገብቼ ለማላውቀው ሰው ካርዴ ተቀደደ ብዬ መናገር አለብኝ። በር ድረስ እንኳ አልደረስኩም። ሦስተኛው ቀንም አለፈ። ትምህርት ሲጀመር ደብተሮቼን ይዤ እየወጣሁ ሸንኮራ ሻጯ ጥላ ሥር ተቀምጬ እውል ጀመር። አስር ቀን እንደዚያ ቆየሁ። በአስራ አንደኛው ቀን ትዕግስት፣ «አሟት ነው እንዴ የማትመጣው?» ብላ ቤታችን መጣች።

እናቴ አልመታችኝም። የተቀደደውን ካርድ ይዛ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄደች፤ ሞልቷል፣ ለሚቀጥለው ዓመት አሏት። በሚቀጥለው ዓመት እኔ ልብስ ሰፊ ቤት ቁልፍ እተክል ነበር። እናቴም ታመመች፣ ደሞዜ ለቤት አስፈለገ፣ ዓመቱ ዓመት ወለደ። ዲቪ እንኳ አስራ ሁለተኛ ክፍል ይጠይቃል፤ የደረሰው ለባለቤቴ ነው፣ እኔ በእሱ ስም ነው የመጣሁት። ቅጽ ላይ የትምህርት ደረጃ የምትለው መስመር በመጣች ቁጥር እጄ ይከብደኛል።

የሚያበግነኝ ግን ይሄ አይደለም። የሚያበግነኝ ትዕግስት ናት። ትዕግስት ያን ሐዲድ አራት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ብቻዋን ተሻግራዋለች። ወዴት ነሽ ያላት የለም። አንድ ቀን ዝናብ ሲመታት የማዶዎቹ አለቃ ራሱ ደብተሯን ኮቱ ውስጥ ደብቆላታል። አሁን ነርስ ናት። ይሄን የነገረችኝ እየሳቀች ነው፤ እኔ ስልኩን ይዤ ሳቁ ጠፋብኝ። እኔን የመታኝ ጠላት አልነበረም። የጠበቀኝ ወንድሜ ነው።

ካናቴራውን በለበስኩ በሳምንቱ ከናዝሬት ስልክ ተደወለ። የመጨረሻዋ እህታችን ማህሌት ስምንተኛ ክፍል አልፋለች። ብሬክ ላይ ስለነበርኩ ፓርኪንግ ወጥቼ እልል አልኩላት። አቤል ስልኩን ተቀበላት። አሁን ባጃጅ ይነዳል፤ አግብቷል፤ ለእኔም ጥሩ ወንድም ነው።

«ስለ ምዝገባው አታስቢ» አለኝ። «የዛሬ ልጆችም ያው ሰፈር ለይተው ይደባደባሉ። እኔና ጓደኞቼ በሦስት ባጃጅ አጅበን እናደርሳታለን።»

«እንዳትሸኛት!» አልኩ።

«ምን ሆንሽ?»

«እንዳትሸኛት አልኩህ! ብቻዋን ትሂድ! አንተ ባጃጅህን ይዘህ ሥራህን ሥራ!»

«ቢነኳትስ?»

«እኔን ማን ነካኝ አቤል? እስቲ ንገረኝ፣ ማን ነው የነካኝ?»

ፓርኪንጉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ላብ አጠመቀኝ፤ ስልኩን ግን አልዘጋሁም። አስር ዓመት ሙሉ ያልጠየቅሁትን ጥያቄ ጠይቄ መልሱን ሳልሰማ አልሄድም። በመጨረሻ፣ «እሺ፣ ብቻዋን ትሂድ» አለ። ድምፁ የዚያ የስድስት ልጆች አለቃ ድምፅ አልነበረም።

ማህሌት ብቻዋን ሄዳ ተመዘገበች። ወረፋ ላይ አንዲት የማዶ ልጅ ተዋውቃ አሁን አብረው ነው የሚቀመጡት። እኔ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ዘጠነኛ ክፍል ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው። ማህሌት የቤት ሥራዋን ፎቶ እያነሳች «አሜሪካ ነሽ አይደል፣ ንገሪኝ» ትለኛለች። ስምንተኛ ላይ እንዳቆምኩ ታውቃለች፤ የቀረውን አሜሪካ የሞላልኝ ይመስላታል። እንቢ ማለት አልቻልኩም። ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬን ለእትዬ ሉፔ አሳያለሁ። እሳቸውም ከትምህርት ቤት ወደ ወይን ለቀማ የወጡት በአስራ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሁለታችን በአንዲት የምርጫ ጥያቄ ላይ አጎንብሰን ምግባችን ይቀዘቅዛል።

አንድ ቀን ራሞን ወደ ማይክሮዌቩ ሲያልፍ ከትከሻዬ በላይ አየት አደረገ።

«መልሱ ሁለተኛው ነው» አለኝ።

«ተሳስተሃል፣ የመጀመሪያው ነው በዪው» አሉ እትዬ ሉፔ፣ እኔን እያዩ።

«አልተሳሳትኩም በያት። ታስሬ ሳለሁ የሃይስኩል ፈተና ተፈትኜ አልፌያለሁ።»

«እስር ቤት የተማረውን ለሰው ልጅ አያስተምር በዪው።»

«እሷስ የት ነው የተማረችው በያት።»

ሁለት ቋንቋ አብረው የሚችሉ ሰዎች፣ እንግሊዝኛ በቅጡ የማታውቀውን እኔን አስተርጓሚ አደረጉኝ! «እናንተው ተነጋገሩ!» ብዬ ጮህኩ። ያልኩት በአማርኛ ነው፤ ሁለቱም ገባቸው። ራሞን ትንሽ ቆሞ ወንበር ሳበና ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀመጠ። ሰላምታ የለም፣ ይቅርታ የለም፤ ክርክሩ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ሆነ። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ሲብስ በስፓኒሽ።

አስራ አራት ዓመቴ ላይ ዘጠነኛ ክፍል አንድ ሐዲድ ብቻ ነበር የሚርቀኝ፤ አልደረስኩበትም። አሁን በሃያ አራት ዓመቴ ባሕር ተሻግሮ፣ በስልክ፣ አንዳንድ ገጽ እየሆነ ይመጣልኛል፤ በሠላሳ ደቂቃ ብሬክ፣ ካርድና ጉርድ ፎቶ ሳይጠየቅ። ያኔ የነበረኝ ጭንቅላት አሁን የለኝም፤ ቃላቱ ይጠፉብኛል፣ ቶሎ ይደክመኛል። ያኔ የነበረብኝ ፍርሃትም ግን ቀንሷል። ማህሌት «ኧረ ቶሎ በይ፣ አስተማሪው ነገ ይሰበስባል» ብላ ጻፈችልኝ። ሁለቱ አሁንም ይከራከራሉ። እኔን ምን ይመስልሻል ያለኝ የለም። ስልኩን ወደ ራሴ ሳብኩ፤ ጥያቄውን ቀስ ብዬ ሦስቴ አነበብኩት፤ የሁለቱንም ትቼ ሦስተኛውን መልስ መርጬ ላክሁላት።